ሶዶን ለአባዬ መልሺለት

ወላይታ ሶዶ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ሶሊዬ፣

አላባረርኩትም! ስልኩን ጆሮዬ ላይ ባትዘጊው ኖሮ ልነግርሽ ነበር። እትዬ እታፈራሁ ናቸው አይደል ከጎረቤት ደውለው "እህትሽ አባቷን በር ላይ አስቀምጣዋለች" ያሉሽ? ወጥቶ የተቀመጠው ራሱ ነው። እንዲወጣ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። ሁለቱም እውነት ነው፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትሰድቢኝ። ስናወራ እንደሆነ እንጮሃለን፤ ለዚህ ነው ወረቀት ላይ የጻፍኩት። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ።

"ጭንቅላቱ ሥራ እንዳይፈታ አጫውቱት" ያልሽውን አልተውኩም። ጅግጅጋ ሆስፒታል ሆኖ ማዘዝ ቀላል ነው፣ ግን አልተውኩም። ጠዋት በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን። እማዬ ራሷ ተለክፋ ከገበያ ስትመጣ ዘንቢሏን ሳታወርድ "ተራዬ ነው" ትላለች፤ ቆርኪም ትሰርቃለች። አባዬ ይይዛታል! ምሳ መብላቱን የረሳ ሰው የእማዬን ሌብነት አይረሳም። ከሰዓት ደግሞ እንቆቅልሽ ነው። እሱን ነው የሚወደው፣ ምክንያቱም ያልመለሰ ሰው አገር ይሰጣል፣ አባዬ ደግሞ አገር ሞልቶታል። ዕድሜውን ሙሉ መናኸሪያ ተራ ሲያስከብር "አረካ አረካ! ቢጠና ቢጠና!" ሲል የኖረ ሰው ነው። "አገር ስጠኝ" ስለው እንደ ሌላ ሰው አይሰጥም፤ ደረቱን ነፍቶ ይጣራል። ግቢው ሁሉ ይስቃል።

ትላንት እማዬ ለለቅሶ አረካ ሄደች፣ እስካሁን አልተመለሰችም። ዝናብ ነው፣ መብራት የለም፣ እኔና እሱ ብቻ። ጨዋታ ጀመርን። በመሀል ቀና ብሎ አየኝና "አንቺ ልጅ፣ ልጆቼን ታውቂያቸዋለሽ? ሶሊ ጅግጅጋ ነች። ያቺ ትንሿ ግን የት ገባች?" አለኝ።

"የቷ ትንሿ?"

"ያቺ አመለኛዋ። ስሟ ማን ነበር?"

እዚሁ ነኝ እኮ! በየቀኑ የጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነኝ እኮ! ሶሊ፣ ያኔ ተነስቼ ሻይ መጣድ ነበረብኝ። ግን ታውቂኛለሽ፣ ከሻዩ በፊት የምፈላው እኔ ነኝ። ሌላ ቀን መልሱ ሲጠፋው በእጄ ምልክት አሳየዋለሁ። ትላንት እጄን ሥሬ ደብቄ ቁጭ አልኩ።

"እንቆቅልሽ!"

"ምን አውቅልሽ!"

"ሲርበው ቆሞ ይጣራል፣ ሲጠግብ ይሮጣል።"

ሚኒባስ እኮ ነው! ዕድሜውን ሙሉ የተጣራለት ሚኒባስ! "ጅብ?" አለ። አይደለም። "ላም?" አለ። "አገር ስጠኝ!" አልኩት። አረካን ሰጠኝ። ሌላ ጠየቅኩት፣ ቢጠናን ሰጠኝ። ከዛ ቦዲቲን፣ ከዛ ሁምቦን። እየወሰድኩበት ስሄድ ድምፁ እያነሰ መጣ፤ ሁምቦንማ አልተጣራም፣ በአፉ ውስጥ ነው ያላት።

"አሁን ሶዶ ብቻ ናት የቀረችኝ" አለ።

"እሷንም አምጣት!"

ብዙ አሰበ። "እሺ፣ ውሰጃት" አለ። እዚህ ጋ እንኳን ማቆም እችል ነበር። ተነስቼ ቆሜ አወረድኩበት፦

"ሶዶ ገብቼ፣ ምን አጥቼ፣
ሥጋ በዳጣ ጠግቤ በልቼ፣
ቤቱን ወርሼ፣ አልጋ ዘርግቼ፣
አንተን በዝናብ ደጅ አውጥቼ!"

ጨዋታው እንዲህ ነው፣ ያሸነፈ ይሳደባል፣ የተሸነፈ ይስቃል። እሱ አልሳቀም። እኔም ያንን ስድብ ስወረውር ጨዋታ አልነበረም፣ ካንቺ አልደብቅም።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ የመናኸሪያውን ካፖርት ለብሶ፣ ቦርሳውን ታቅፎ ከበሩ ውጪ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል።

"አባዬ ግባ፣ ይበርድሃል።"

"አገሩ ያንቺ ሆነ። የሰው ቤት ዝም ተብሎ አይገባም።"

"መልሼልሃለሁ!"

"በጨዋታ የሄደ አገር በጨዋታ ነው የሚመለሰው።"

"እሺ ጠይቀኝ፣ እሸነፍልሃለሁ!"

ፊቱን አዞረ። "ካንቺ ጋር አልጫወትም። ታስፈሪኛለሽ" አለኝ።

እትዬ እታፈራሁ ጃንጥላ ይዘው መጡ። "አቶ ሚልክያስ፣ በሉ እኔ ቤት ይግቡ" ቢሉት "የእርስዎስ ቤት ሶዶ ውስጥ አይደለም?" አላቸው። ሳቄ አመለጠኝ። ትንሽ ቆይቶ ሽንት ቤት መሄድ ፈለገ። ኮፍያውን አውልቆ "እመቤት፣ ይፈቀድልኛል?" አለኝ። እኔን፣ ሶሊ። አባቴ። ውስጥ ገብቼ አፌን በትራስ ያዝኩ።

አሁን ወዳንቺ ሊመጣ ነው። "ጅግጅጋን ማንም አልወሰደብኝም" ይላል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር እጁን ያነሳል። የሰፈሩ ሹፌሮች ያውቁታል፤ "ሞልቷል ጋሽ ሚልክያስ፣ የሚቀጥለውን!" እያሉ ያልፉታል። እሱም "ጎሽ፣ ትርፍ እንዳትጭኑ" ይላቸዋል። ሲመሽ ግን የሚያልፉት የማያውቁት ናቸው። አንዱ ቢያቆምለት አለቀ። ክንዱን ይዤ ላስገባው ብዬ ነበር፣ ጮኸ፣ ሰው ተሰበሰበ። ሁለተኛ አልነካውም።

"ትምህርትሽን ብትማሪ ኖሮ" የሚለውን ደግሞ ዛሬ እንዳታመጪብኝ። ያቆምኩት በማትስ ቲቸሩ ምክንያት ነው፣ ስንቴ ልንገርሽ። አባዬ ድስት ጥዶ ረስቶ ቤቱ ሊቃጠል የነበረው በዛው ሳምንት ነው፣ ግን በሱ አይደለም። በቲቸሩ ነው።

ስለዚህ ስሚኝ። በሕይወቴ ላንቺ ተሸንፌ አላውቅም፤ ዛሬ ተሸንፌያለሁ። ሶዶን ከነመናኸሪያዋ ሰጥቼሻለሁ። ስትደውዪ ስልኩን ለሱ እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ "ሶዶን ከዛች ልጅ ላይ ወስጄባታለሁ" በዪው። ከዛ እሱ ይጠይቅሽ። መልሱን ብታውቂውም ዋጪው፣ ጉብዝናሽን ለበሽተኞችሽ አድርጊው። ሁለት ሦስቴ ተሳሳቺ፣ ቶሎ ከተሸነፍሽ ይጠረጥራል። "አገር ስጪኝ" ሲልሽ ሶዶን ስጪው። ስድቡን ሁሉ ስሚ፣ የፈለገውን ያህል ይርዘም፣ እንዳታቋርጪው።

ሲጨርስ፣ አገሩ የሱ ከሆነ በኋላ፣ ብሩክታይት የምትባል ልጅ እዛ ቤት እንድትቀመጥ ይፈቅድላት እንደሆነ ጠይቂልኝ። ስሜን ቀስ ብለሽ ጥሪለት።

የምታስታምሚያቸው ሁሉ በእግራቸው ይውጡልሽ። ጌታ ድካምሽን ይይልሽ።

እህትሽ ብሩክታይት

ዲዩቲ ላይ ነኝ ብትዪ አልሰማሽም። ለአምስት ደቂቃ ማንንም አስይዢና ውጪ። ደመናው ወርዷል፣ እሱም ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። ሳይመሽ ደውዪ!