ሳይጠይቁኝ የተነሳሁበት መዝገብ

የካቲት 4
ችሎት እስከ ስድስት ሰዓት። ከሰዓት በኋላ የቆዳ ፋብሪካውን መዝገብ ጀመርኩ። ከፋብሪካው በታች ያሉ ነዋሪዎች “ወንዛችን ተመረዘ፣ ልጆቻችን ገላቸው ቆሰለ” ብለው ከሰው፣ በሁለት ፍርድ ቤት ተረቱ። ከእኛ በላይ ይግባኝ የለም፤ ሰማይ ብቻ ነው ያለው። አምስት ዳኞች ነን። ሁለቱ ወደ ፋብሪካው እንደሚያዘነብሉ ከጥያቄያቸው ያስታውቃል፣ ሁለቱ ወደ ነዋሪዎቹ። እኔስ? ልቤ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ...

የካቲት 7
እትዬ ደወለች። ልጇ ታጨች! ቢሮዬ ውስጥ እልል አልኩ፤ ጸሐፊዬ ደንግጣ በሩን ከፈተች። “የማን ልጅ ነው?” አልኩ። የፋብሪካው ባለቤት ልጅ።
“ምነው፣ መስመሩ ተቆረጠ?”
“የለም እትዬ... አለሁ።”

የካቲት 8
እትዬ ቤት ምሳ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፊት ለፊት ነገርኳት፤ ከመዝገቡ እነሳለሁ።
“ማን ተነሽ አለሽ?”
“ማንም።”
“ታዲያ? አማቾቻችን ፊት ልታዋርጂን ነው? ፍረጂልን አላልኩሽም እኮ! ቁጭ በይ ብቻ ነው ያልኩሽ።”
ቁጭ ማለቱ እኮ ነው ነገሩ። ልጅቷ ሳህኗ ላይ አቀርቅራለች። ሳልሰናበት ወጣሁ... አይ፣ ተሰናብቻለሁ። እትዬ ናት ያልመለሰችልኝ።

የካቲት 10
ለሰብሳቢው ዳኛ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።
“ሕጉ ዘመድ ነው የሚለው። እጮኛ ገና ዘመድ አይደለም።”
“ሕጉ ባይል የሰው ዓይን ይላል።”
“ማን እንደሚተካሽስ አስበሻል?”
አስቤያለሁ። ወርቁ። ስሙ አይደለም፤ ዝምታ ወርቅ ነው እያልን እኛው ያወጣንለት ነው። ስብሰባ ላይ አፉን የሚከፍተው ለማዛጋት ብቻ!
እውነቱን ልጻፍ፣ እዚህ ማንም አያየኝ። ብቀር የምፈርደው ፋብሪካው ላይ ነው። ሰዉም “ለአማቿ እንኳ አላደላችም” ይለኛል። እንዴት ይጣፍጣል! ግን ባለቤቱ “ስም ለማትረፍ ፈረደችብኝ” ቢል ምን እመልሳለሁ? ዞሬ ዞሬ እዚያው ነኝ። መነሳት ነው።

የካቲት 15
ተነሳሁ። ምክንያቱንም በግልጽ ችሎት ተናገርኩ፤ የእህቴ ልጅ ለባለፋብሪካው ልጅ ታጭታለች። የፋብሪካው ጠበቃ ፊቱ ጠቆረ። የነዋሪዎቹ ጠበቃ ግን ብድግ አለ። “ክብርት ዳኛ፣ እኛ ይነሱልን አላልንም! እናምንዎታለን፣ ይቀጥሉ።” ከኋላ ወንበር አንዲት እናት፣ “አንቺ ከሄድሽ ማን አለን?”
“ፍርድ ቤት አላችሁ” አልኩ። ካባዬን ሰብስቤ በጎን በር ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ወደ በሩ ዞር አልኩ። ግን ደግሞ... ደህና ነኝ። በጣም ደህና።

የካቲት 29
እትዬ አሁንም ስልኬን አታነሳም።

መጋቢት 19
ውሳኔው ተነበበ። ሦስት ለሁለት። ፋብሪካው ፍሳሹን ሳያጣራ ጠብታ እንኳ ወደ ወንዙ እንዳይለቅ!
የጻፈው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወርቁ! ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ብጽፈው ቁጣ ይበዛበት ነበር። እሱ ስለ ውሃው ብቻ ነው ያወራው፤ ቀስ አድርጎ፣ መውጫ ቀዳዳ ሳይተው። ለካ እኔ ከሌለሁ ፍትህ የለም ብዬ ኖሯል! ደረጃው ላይ አግኝቼ “እንኳን ተነሳሁልህ” አልኩት። ፈገግ አለ እንጂ አልተናገረም። ያው ወርቁ።
ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። እትዬ።
“ሰማሁ” አለች። ከዚያ፣ “አማቻችን እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰዋል። ግን አንቺን የሚወቅሱበት አጡ።”
“አንቺስ፣ እትዬ?”
“እኔማ... ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ባለው እሁድ ነው። ከሙሽራዋ ወገን ትቀመጫለሽ። ደግሞ አላዳላም ብለሽ መሃል ላይ እንዳትገተሪብኝ!”