የሸዋረገጥ ሥዕል መስታወት

ጅማ፣ ሄርማታ
የካቲት 1975 ዓ.ም.

ውድ ሀብተጊዮርጊስ፣

የሥዕሎቼን መስታወት ከግድግዳዬ ላይ የነቀልከው አንተ ነህ። የቀበሌ ሊቀመንበር ሳለህ፣ ለአብዮት በዓል አዳራሹ ውስጥ ለሚሰቀሉት የባለጢም ፈረንጆች ሥዕሎች መስታወት ጠፋ ብለህ ከጓዶችህ ጋር ቤቴ ገባህ። የእናትህን ሥዕል እንኳ አልተውክም።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ወረቀቱን አልነካንብዎትም። መስታወት እንደሆነ የሰፊው ሕዝብ ነው» አልከኝ።

«አንተን የወለደችህ ግን ሰፊው ሕዝብ ሳይሆን ይቺ ናት» አልኩህ። መስታወቱን አሸክመህ ወጣህ።

አሁን እናትህ ካረፈች በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ጻፍክልኝ፤ «የእማዬ ፎቶ አንድም የለኝም፤ ያ ሥዕል ተርፎ ይሆን?» ብለህ። ተርፏል። እንዴት እንደተረፈ ስማ።

እናትህን ሸዋረገጥን የሣልኳት የቡ ከተማ፣ ቡና ስትለቅም ነው። ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። ወረቀቱን ባሳያት ጊዜ፣ «አንተ ዘለቀ፣ አፍንጫዬን ምነው አሳጠርከው? የቀረውን ለማን ልትሰጠው ነው?» አለችኝ። «ለልጅሽ ነዋ፤ የእሱ አነስ ብሎብኛል» አልኳት። እስክታስል ሳቀች።

ሥዕልም ሆነ ፍሬም ያስተማረኝ ሰው የለም። ከጅማ ወደ ሰቃ የሚወስደውን መንገድ የሣልኩበት የመጀመሪያ ወረቀቴ ክረምት ሲገባ መስታወቱ ላይ ተጣበቀ፤ ላላቅቀው ስል ሰማዩ ከነደመናው መስታወቱ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በወረቀቱና በመስታወቱ መካከል ዙሪያውን ካርቶን ሳላስገባ ሰቅዬ አላውቅም።

አንተ ከወጣህ በኋላ አናጢው ገመቹ መጣ። «ኦቦ ዘለቀ፣ ቫርኒሽ ቀባውና ተገላገል» አለኝ። የውሃ ቀለም ግን ቫርኒሽ ሲነካው ይጨልማል። እናትህን በእጄ አላጨልማትም አልኩ። ከጎረቤቴ ከዙሀራ ሱቅ ነጭ ሻሽ ገዝቼ ጋረድኳት። ጭስ ወረቀት ውስጥ ይገባልና ምድጃውን ከቤት አወጣሁ። የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ፤ እኔ ያለ እሳት ከረምኩበት።

ዙሀራ በሬ ላይ ቆማ፣ «ወላሂ ጋሽ ዘለቀ፣ ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አይጋረድም! እርስዎ በብርድ ሲሞቱ ማን ሊያያት ነው?» አለችኝ።

«ልጇ።»

«የትኛው ልጇ? መስታወቷን የገፈፋት?»

«ሌላ የላትም» አልኳት።

ሥዕሉን የምታመጣልህ ውቢት የምትባል ልጅ ናት፤ እዚህ ኮሌጅ ተማሪ ናት፣ ለእረፍት አዲስ አበባ ወደ ቤቷ ትመጣለች። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዳታስጭነው፣ ጭኗ ላይ እንድትይዘው አስምያታለሁ። ቤቴ ውስጥ ሻሹ ይበቃው ነበር፤ ለመንገድ ግን አይበቃውምና መስታወት አስገብቼበታለሁ። ቢሰነጠቅ እንዳይረግፍ ላዩ ላይ ወረቀት በመስቀል ቅርጽ ለጥፌበታለሁ። ወረቀቱን ከመስታወቱ ስታነሳው ጨርቅ አርጥበህ በቀስታ ጥረገው፤ ውሃ እንዳታፈስበት። ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ፣ ከማዕድ ቤት አርቀህ ስቀላት። ጀርባውን እንዳትከፍተው፤ እኔ የዘጋሁትን ሰው እንዲከፍተው አልፈቅድም።

በዕድሜዬ ብዙ ሠርቻለሁ። እንደዚህ የምኮራበት ግን የለኝም። አንድ የሻጋታ ነጥብ አታገኝባትም። አፍንጫዋም እንዳለ ነው፤ አጭር ነው ካልክ ከእሷ ጋር ተከራከር።

ጅማ ብትመጣ በሬ ክፍት ነው። የመኝታ ቤቴን መስኮት በሳንቃ ተመትቶ ታገኘዋለህ። መስታወቱ የት ሄደ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ስለ እናትህ የፈለግኸውን ያህል እናወራለን። ከጓዶችህ ጋር ቤቴ ስለገባህበት ቀን ግን የዛሬው የመጨረሻዬ ነው፤ አንተም አታነሳውም፣ እኔም አልመልስልህም።

ሥዕሉን የሣለው፣ ፍሬሙንም የሠራው

ዘለቀ