የመረብ ቤቱ ለምራቴ ይሁን

የዝናቡ ወር በገባ በሦስተኛው ሰኞ፣ እግሬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያባብለኝና ሳያስፈራራኝ፣ በሦስት ምስክሮች ፊት ቃሌን እሰጣለሁ። ሐኪሙ «ልብዎ ደክሟል» ብሏል፤ ስለ ጭንቅላቴ ግን ያለው ነገር የለም።

መኖሪያ ቤቱና የጓሮው ጥቁር መሬት ለበኩር ልጄ ለሹፌሩ ይሁን። አፈር ይወዳል። መጻሕፍቴ ለሴት ልጄ ይሁኑ፤ ከእኔ ሌላ የገለጠቻቸው እሷ ብቻ ናት። የተዋስኩትን መሰላል ለአናጢው ጎረቤቴ መልሱለት፤ ምስክር ሆኖ ከተቀመጠ ጀምሮ ዓይኑን ከመሰላሉ አልነቀለም።

የመረብ ቤቱ፣ ያ ተባይ እንዳይገባ በመረብ የተከለለው የችግኝ ቤት፣ ከነመደቡና ከነእናት ችግኞቹ፣ የሟቹ ልጄ ሚስት ለሆነችው ለምራቴ ይሁን። ዘመድ አዝማድ «ሽማግሌው ጃጅቶ ነው» እንዳይል ምክንያቴን እናገራለሁ።

ይህች ልጅ ያለ አፈር የዘር ድንች ታመርታለች። በቤተ ሙከራ በብልቃጥ የተባዙ ንጹሕ ችግኞችን በኮኮናት ቃጫ ብናኝና በአሸዋ ላይ ተክላ፣ ምግባቸውን በውሃ አሟሙታ ታጠጣቸዋለች፤ ከሥራቸው የጣት ጫፍ የሚያህሉ ድንቾች ትለቅማለች። ገበሬው ዘሩን የሚያበዛው ከእነዚያ ነው። በሽታ እንዳይኖርበት ብናኙን አስቀድማ በበርሜል በእንፋሎት ስለምታበስለው ሰፈሩ «ሰው ድንች ይቀቅላል፤ እሷ የድንቹን ፍራሽ ትቀቅላለች» ይላል። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ድንቹ ግን ይበልጣል።

አምና እናቷን ልታስታምም ስትሄድ አደራውን ለሹፌሩ ሰጠች። እሱም ችግኞቹን ሲያይ አንጀቱ አልችል አለ። «ምስኪኖች፣ ምን በልተው ይደጉ?» ብሎ ከጓሮ አፈር በአካፋ አለበሳቸው። ስትመለስ አንዱ ጠውልጓል። ግንዱን ቆርጣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆመችው፤ ወተት የመሰለ ክር ቁልቁል ወረደ። ከአፈር የሚመጣው፣ አጠውልግ የሚሉት በሽታ ነው። አልጮኸችም። መደቡን በሙሉ፣ ለምለሙንም ጭምር፣ መንቀል ጀመረች።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ይኼ ደህና ነው እኮ!» አላት።

«ደህና መምሰሉ ነው የሚያስፈራኝ፣ ጋሼ። ይኼ ተሸጦ የሰው ማሳ ይገባል።»

ልፋቷን ሁሉ ጉድጓድ ከትታ አቃጠለች፤ ከብልቃጥ እንደገና ጀመረች። ብዙ የተማረ፣ ብዙም የጸለየ ሰው አውቃለሁ፤ ለማያውቀው ገበሬ ሲል የራሱን ለምለም የነቀለ ግን ሌላ አላየሁም።

ነገ ባል ብታገባም የመረብ ቤቱ የእሷ ነው። ችግኝ የሚጠይቀው ንጽሕናን እንጂ የዘር ሐረግን አይደለም።

ይህን ስናገር ምራቴ «አባባ፣ ይቅርብኝ፤ ከጋሼ ጋር አያቀያይሙኝ» አለች። ኑዛዜዬን የሚጽፍልኝ ጸሐፊ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። «አንተ ጻፍ» አልኩት። በኩር ልጄ ፍርድ ቤት ከሄደ፣ ዳኛው እስኪፈርድ መደቡ በውሃ ጥም ያልቃል። ስለዚህ በምስክሮቹ ፊት «ትቃወማለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ወደ እሷ ዞረ።

«እና እኔ ሁለተኛ እዚያ ቤት አልገባም ማለት ነው?»

«ትገባለህ ጋሼ። ገላህን ታጥበህ፣ ልብስህን ቀይረህ፣ ባዶ እጅህን።»

«ባዶ እጄን?»

«ርኅራኄህንም ውጭ ትተህ።»

አናጢው ሳቀ፤ ሌላዋ ምስክር ልብስ ሰፊዋ በክርኗ ጎሸመችው። ልጄ ግን አልሳቀም።

«እሺ» አለ።

ይህ «እሺ» የኑዛዜዬ ዋና አንቀጽ ሆኖ ይመዝገብ።

የተናዛዡ ፊርማ።
ምስክሮች፦ አናጢው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጡረተኛው መምህር።