የእንሶስላው ቀን ፊልም

መርካቶ፣ ራጉኤል አጠገብ
ኅዳር 1963 ዓ.ም.

ለቀድሞው ባለቤቴ፣

ይህ ወረቀት በሰላም ያግኝህ። ያ ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? የድሬዳዋ ሙቀት ሳይስማማው አይቀርም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ ከቅርብ ማየት አቅቶት መነጽር አድርጌያለሁ እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለብኝም። አከራያችን እትዬ በለጥሻቸውም ደህና ናቸው። መጻፍህን ስነግራቸው፣ «ሰውዬው አሁን ነው ቤቱ ትዝ ያለው?» ብለው ሳቁ። በክፉ አትውሰድባቸው፤ ታውቃቸዋለህ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሥራ እንደያዝኩ ሰምተህ ደስ እንዳለህ፣ ሴት ብቻዋን ግን የፊልም ሥራ እንደማትዘልቀው ጽፈሃል። ተመልሰህ ፎቶ ቤቱን ብንከፍት፣ አንተ በወንዶቹ እኔ በሴቶቹ በኩል እያነሳን የሰፈሩ ሰርግ ሁሉ የእኛ እንደሚሆን፣ መስኮቱ ላይም ከፊልሙ ሥዕል እያወጣን ብንሰቅል ገበያ እንደሚጠራ ነግረኸኛል። መልስ ከመስጠቴ በፊት የሆነውን ልንገርህ።

እንጀራዬ ያ ከአርመኑ ገዝተህ፣ ተበላሽቷል ብለህ የተውከው የሲኒማ ካሜራ ነው። አልተበላሸም ነበር፤ ውስጡ ቁራጭ ፊልም ተሰንቅሮበት ነው። ፊልም የምታጥብበት ጨለማ ክፍል አታስገባኝም ነበርና ሥራውን የተማርኩት አንተ ከምትጥለው ቁርጥራጭ፣ ደግሞም ከማጠቢያው መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው ወረቀት ነው። ጣልያንኛውን የሚያነብልኝ ፍለጋ ጋራዥ ድረስ እሄድ ነበር። መካኒኮቹ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ የሞተር ዘይት አይደለም» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ግን ያነቡልኛል።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ ሶማሌ ተራ ጨርቅ የሚያከፋፍሉት የወሎዋ እትዬ ዘኪያ ናቸው። ልጃቸውን ሀጅራን ሲድሩ የእንሶስላውን ቀን እንዳነሳላቸው ጠሩኝ። ሙሽራዋ እጅና እግሯን እንሶስላ የምትሞቅበት፣ ከሴት በቀር ማንም የማይገባበት ቀን ነው። ቤት ውስጥ ብርሃን ስለማይበቃኝ ግቢውን በሸራ ጋርደው ፀሐይ ላይ ተቀመጡልኝ፤ ሁሉም ሻሻቸውን አውልቀዋል። ካሜራውን ሳነሳ እትዬ ዘኪያ፣ «ቆይ፣ ይሄንን የሚያጥበው ማነው?» አሉኝ። ለፎቶ ቤት እንደምሰጥ ነገርኳቸው። ወንድ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው። «ታዲያ ሸራውን ለምን ጋረድነው? ሰውየውን ጠርተን ወንበር ብንሰጠው አይሻልም?» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔ ግን አፈርኩ። ራሴ እንደማጥበው፣ የወንድ ዓይን እንደማያርፍበት እዚያው ቃል ገባሁ።

ቤቴ በባልዲ አጠብኩት። ጫፍ ጫፉ ጠቆረ እንጂ ወጣ። እትዬ ዘኪያ ከሴቶቹ ጋር በማሳያ መኪና ግድግዳ ላይ አይተውት ሲያበቁ፣ «የኔ ቤት ወንድ አይጠፋበትም፤ አንቺው ጋ ይቀመጥ» ብለው ተውልኝ። ከዚያ ወዲያ እናቶች እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ ይጠሩኝ ጀመር።

አምና ሀጅራ በወሊድ ሞተች። ሴት ልጅ ተረፈች። ከጥቂት ወራት በኋላ ባሏ ቡርሃን ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ቤቴ መጣ። አንድ ፎቶ እንኳ እንደሌላት፣ መልኳም እየጠፋበት መሆኑን ነገረኝ። «እትዬ፣ ሚስቴ ናት እኮ፤ ማንን ላስፈቅድ?» አለኝ። ፊልሙ ከተቀመጥኩበት አልጋ ሥር ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ማውጣት ብቻ ነው። ግን ሚስቱን ሲያይ አብረዋት ያሉትንም ሁሉ ሊያይ ነው። ቃሌን አንዴ ካፈረስኩ ከእንግዲህ የትኛዋ እናት ሸራዋን ገልጣ ታስገባኛለች? ፊልሙ የእኔ ሳይሆን የሴቶቹ እንደሆነ፣ እነሱን እንደምጠይቅለት ነገርኩት። አንደኛው ሽማግሌ፣ «ለአንድ ቁራጭ ላስቲክ ይሄ ሁሉ?» ብለው እየተቆጡ ተነሱ።

እትዬ ዘኪያ በእንሶስላው ቀን የነበሩትን ሴቶች ሰበሰቡልኝ። ሁሉም፣ እኛ ያለንበት ይቆረጥና እሷ ብቻዋን ያለችበትን ይይ አሉ። አንድ ቦታ ብቻ አስቸገረ። ሀጅራ እጆቿ በእንሶስላ እንደተጠቀለሉ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ታርፍባታለች። እጇን መጠቀም ስለማትችል እፍ እፍ ትላለች፤ ዝንቧ ትሄድና ትመለሳለች። ያን ጊዜ ጓደኛዋ ጠሂራ ፀጉሯን እንደበተነች መጥታ ታባርርላታለች፤ ሀጅራም ትስቃለች። በፊልሙ ሁሉ ውስጥ የሳቀችው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ሁላችንም ጠሂራን አየናት። መሬት መሬት እያየች፣ «እኔ አልፈቅድም» አለች። እትዬ ዘኪያ፣ «ለሞተች ጓደኛሽም ቢሆን፣ ልጄ?» አሏት። «እሷም ብትሆን እንደዚያ ሆና ለእኔ ባል አትታይም ነበር» ብላ መለሰች። ቀጥላም፣ «የተረፈችው ሕፃን ሴት አይደለች? ስታድግ እሷ ትየው። ሁሉንም ትየው፤ እኔም አለሁበት» አለች።

ስለዚህ ከሳቋ በፊት ቆረጥኩት። ቅጂ የሌለው ነገር ነውና መቀሱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ።

ቡርሃን ከአማቱ ጋር መጥቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ አየው። ሀጅራ እፍ ስትል የእሱም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። አልቆ ግድግዳው ነጭ ሲሆን፣ «ዝንቧን ማን አባረረላት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኛዋ አልኩት። ሳቀች ወይ አለኝ፤ ሳቀች አልኩት። የቀረውን አላሳየሽኝም ብሎ አልተቆጣም። ራሱን ነቅንቆ፣ «ይበቃኛል» አለና ወጣ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልመለስ። የአቶ ጎበዜን ልጅ ፎቶ ሳታስፈቅድ መስኮታችን ላይ ሰቅለህ፣ አባቷ መስተዋቱን የሰበሩ ዕለት፣ «ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የኔ ነው» ነበር ያልከው። ደንበኛው የቀረው፣ አንተም የሄድከው ከዚያ ወዲያ ነው። ደብዳቤህ ውስጥ ያው መስኮት አለ። ቂም ይዤብህ አይደለም፤ ሥራውን ግን ብቻዬን እቀጥላለሁ። ያቺ ሕፃን እስክታድግ ፊልሙን ከእርጥበት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋልና ከዚህ ሰፈር አልነቃነቅም።

አንድ ነገር ግን ላስፈቅድህ። ካሜራውን ጠግኜ መጀመሪያ ያነሳሁት አንተን ነው። ለገሃር፣ ሻንጣህን ባቡሩ ላይ ስትጭን፣ ከምሰሶው ኋላ ቆሜ ነበር። ከመሳፈርህ በፊት ዞር ብለህ ሕዝቡን ታያለህ፤ የሆነ ሰው የምትፈልግ ትመስላለህ። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ሳልነግርህ ያነሳሁት ስለሆነ ለማንም አላሳየሁትም። አቃጥይው ካልክ አቃጥለዋለሁ። ዝም ካልክ ባለበት ይኖራል።

ራጉኤል ከክፉ ይሰውርህ፤ ያሰብከውን መልካም ነገር ሁሉ በሄድክበት ያሳካልህ።

የቀድሞ ባለቤትህ