አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን

ለታላቅ ወንድሜ ለሴድሪክ፤

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በደህና ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለው? ሐኪሙ ያዘዘልህን ምርኩዝ ትይዛለህ ወይስ እንደ አመልህ በር ሥር አስደግፈኸው ትወጣለህ? ልጅህ ሮዌናስ፣ ባለቤቷስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እናንተ ዘንድ ሙቀቱ ሳይጀምር አልቀረም። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ በብርዱ አልታዘዝ ይሉኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ሱቁም ደህና ነው፤ ዘንድሮ ብርዱ ቀድሞ ስለ ገባ የላምባ ማሞቂያውና የቧንቧ መጠቅለያው ጥሩ ገበያ አግኝቷል።

የጠየቅከኝን ነገር ሳላድበሰብስ ልንገርህ። ያመለከትክበትን አራተኛውን የምጽዋት ቤት አላገኘህም። ቤቱ ለልብስ አጣቢዋ ለዶርካስ ተሰጠ። አንተ ያጣኸውም በእኔ ምክንያት ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔው ብትሰማው ይሻላልና፣ የዕለት ማስታወሻዬን ከፊቴ ዘርግቼ የሆነውን በተራ በተራ እጽፍልሃለሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነብ ግን ደብዳቤውን እንዳትቀደው።

ስምንቱ የምጽዋት ቤቶች አንተ እንደምታውቃቸው ናቸው። ያ ጨርቅ ነጋዴ ከሦስት መቶ ስልሳ ዓመት በፊት ለአጥቢያው አረጋውያን ብሎ ያሠራው ድንጋይ ዛሬም አልተነቃነቀም፤ የሚነቃነቀው ጣሪያው ነው። ሰው ባለአደራ ሲባል ትልቅ ጠረጴዛ ከቦ የሚያዝ ይመስለዋል። የእኛ ሥራ አሸንዳ ማስጠረግ፣ የጭስ መውጫ ማየት፣ የሁለተኛውን ቤት ሬዲዮ ከሦስተኛው ቤት ጆሮ ጋር ማስታረቅ ነው። አምስት ነን፤ ለአንዳችንም አንዲት ፔኒ አይከፈለንም። ሰብሳቢያችን ቄስ ላቭሪጅ ገና ወጣት ነው። ሥጋ ሻጩን ቹብን አንተው ታውቀዋለህ፤ አብራችሁ ኳስ ስትጫወቱ ያደጋችሁት ነው። ሰዓት ሠሪው ኔዘርኮትና ጡረታ የወጣችው መምህርት ሚስ ግሪብል አሉ። አምስተኛዋ እኔ ነኝ።

በአራተኛው ቤት ይኖር የነበረው ሽማግሌው ፒንኮም በሴፕቴምበር መጨረሻ ዐረፈ። ሁለት ሰው ብቻ አመለከተ፤ አንተና ዶርካስ። ዶርካስን ታስታውሳታለህ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ነጭ ልብስ የምታጥብና የምትተኩስ ቀጭን ሴት ናት። ዛሬ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በአጥቢያው መኖር ከጀመረች አርባ ዓመት አልፏታል። የተከራየችበትን ክፍል ባለቤቱ ስለ ሸጠው እስከ ገና ልቀቂ ብሏታል። መሄጃ የላትም። አንተ ደግሞ ባለቤትህ አይሪስ ከሞተች ወዲህ በሰው ጓዳ መኖር እንደ ከበደህ፣ የራስህ በር እንደምትሻ፣ በእኔም ላይ ሸክም ላለመሆን እንደ ማልክ ጽፈህልኛል። ማመልከቻህን በእጄ አድርሻለሁ። እዚያ ላይ በራስህ እጅ «የተወለድኩት በሃልስበሪ አጥቢያ ነው» ብለህ ጽፈሃል። ያችን መስመር አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት፤ ምንም አላልኩም። ያን ቀን አለመናገሬ ጥፋቴ ነው፤ በማስታወሻዬም እንዲሁ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ስብሰባው ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የከተማው ሱቅ ሁሉ ግማሽ ቀን የሚዘጋው አሁንም ረቡዕ ነው። ደንባችን የታወቀ ነው። ዘመዱ ያመለከተበት ባለአደራ ከግቢው በር ወጥቶ ይቆማል፤ ደወሉ ካልተደወለም እግሩን መልሶ አያስገባም። እኔም ኮቴን ለብሼ ወጣሁና ከስብሰባው ክፍል መስኮት ሥር፣ መንገዱ ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ዶርካስ ቀድማኝ እዚያው ተቀምጣለች። አንዷን ጓንቷን አውልቃ በእጇ ይዛ ታሻሻለች። ስለ አየሩ ተነጋገርን። ስለ ቤቱ አንዳችንም አላነሳንም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መስኮቱ ተከፈተና ቹብ ቀይ ፊቱን ብቅ አደረገ።

«አንቺ ሙሪየል! ሰው ከስብሰባ ሲወጣ ኮቱን ይዞ ይወጣል፤ አንቺ ሣጥኑን ይዘሽ ትወጫለሽ?»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የመሥራቹ ደንብ የተጻፈበት መጽሐፍ የሚቀመጥበት ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በቄሱ፣ አንዱ በኔዘርኮት፣ አንዱ በእኔ እጅ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። የእኔው ቁልፍ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሱቁ ቁልፎች ጋር በአንድ ቀለበት ታስሮ በኪሴ ሲዞር ኖሯል። ውጪ ሲሉኝ ይዤው ወጣሁ። እነሱም አላስተዋሉም። እንዳልገባ ደወል አልተደወለም፤ ደወል እንዳይደወል ጉዳዩ አላለቀም፤ ጉዳዩ እንዳያልቅ ሣጥኑ ተቆልፏል።

«አውቄ አይደለም» አልኩት።

«እሱንማ ማን አለሽ! ነጋዴ በገዛ ኪሱ ምን እንዳለ አያውቅም» ብሎ ሳቀና እጁን ዘረጋ። ቀለበቱን እንዳለ፣ ከሱቁና ከላምባው መጋዘን ቁልፍ ጋር፣ በመስኮት አቀበልኩት።

መስኮቱን ሳይዘጋው ቀረ። የምለው ነገር እውነት ነው፤ ለመስማት ብዬ አልተጠጋሁም፤ አግዳሚው ያለው እዚያው ነው። ሁለት ለሁለት ተካፍለው እንደ ነበር ከንግግራቸው ተረዳሁ። ቹብና ኔዘርኮት ላንተ ቆመዋል። ሚስ ግሪብልና ቄሱ ለዶርካስ። መጽሐፉን ያስፈለጋቸውም ለዚህ ነው። ቄሱ አንቀጹን ጮክ ብሎ አነበበው፤ «በአጥቢያው ክልል የተወለደ ይቅደም፤ እርሱ ከሌለ በክልሉ አርባ ዓመት የኖረ ይግባ» ይላል።

«አለቀ፣ ደቀቀ!» አለ ቹብ። «ዶርካስ ጨዋ ሴት ናት፤ ነገር ግን መጤ ናት። ሴድሪክ የተወለደው እዚሁ ነው። የክርስትና መዝገቡን አውጡና እዩት።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ጠፍቶ!» አለች ሚስ ግሪብል።

«ቢጠፋስ? መጽሐፉ ስለ መጥፋት ምን አለ? እስቲ ያሳዩኝ!»

ከዚያ ቄስ ላቭሪጅ ራሱ ወደ መስኮቱ መጣ። የዋህ ሰው ነው፤ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። «ሚስ ታፕስኮት፣ ከደንብ ውጪ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መዝገቡ ወንድምዎ እዚህ ክርስትና መነሣቱን ይናገራል። የተወለደውም እዚሁ ነው ብለን እንያዘው?» አለኝ።

አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ወንዙ በሞላ ቁጥር እናታችን ታወራው የነበረውን ነው። ዘጠኝ ወሯ ገብቶ ሳለ ከወንዙ ማዶ ወፍጮ ቤት እኅቷን ልትጠይቅ ሄዳ፣ ሌሊቱን ጎርፉ ድልድዩን ውጦት፣ አንተ አክስታችን ሄቲ አልጋ ላይ ተወልደህ፣ ውኃው እስኪጎድል አሥራ አንድ ቀን እዚያው ተቀመጣችሁ። ወንዙ ማዶ ደግሞ ሌላ አጥቢያ ነው። ልጅ ሳለሁ እሷ ይህን ስትተርክ አንተ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ትረግጠኝ ነበር፣ እንዳልስቅ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እናታችን የለችም፤ አክስታችን ሄቲ የለችም፤ ወፍጮ ቤቱም ፈርሷል። ልዋሽህ አልፈልግም፤ አዎ ልለው ቃጥቶኝ ነበር። ነገር ግን አርባ ዓመት ስነግድ ቀዳዳውን እያወቅኩ ባልዲ ሸጬ አላውቅም። አጠገቤ ደግሞ ያቺ ሴት ጓንቷን ታሻሻለች። «ክርስትና የተነሣው እዚህ ነው፤ የተወለደው ግን ከወንዙ ማዶ ወፍጮ ቤት ነው» አልኩ።

ከውስጥ የቹብ ድምፅ መጣ፦ «አንቺ ሴትዮ! አፍሽን እንደ ኪስሽ ዘግተሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት?»

ደወሉ የተደወለው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። በአራት ድምፅ ለዶርካስ ሆነ። ቹብም እጁን አውጥቷል፤ ሲያወጣ ግን ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነበር ብላኛለች ሚስ ግሪብል።

ለዶርካስ የምሥራቹን የነገርኳት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም፤ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ቃል በቃል በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ፦ «እኔኮ አውቀው ነበር፣ እቴ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ወፍጮ ቤት ነው። አክስትሽ ያንን አልጋ ባነጠፍኩ ቁጥር ሴድሪክ እዚህ ላይ ነው የተወለደው ትለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ቤት አልባ ልትሆኚ አልነበረም?» አልኳት።

«የናንተ ቤት ወሬ ነዋ። የኔ አይደለም» አለችና ልብስ ልተኩስ ብላ ሄደች።

እንግዲህ ሴድሪክ፣ ዝም ብል ኖሮ አንተ የምትገባበትን ቤት በር የምታልፍ አንዲት ሴት እውነቱን እያወቀች በየዕለቱ ደህና ዋልክ ትልህ ነበር። አንተ ያን በር ስትከፍት ደስ ይልህ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። የጻፍከውን አውቀህ ነው የጻፍከው ብዬ አልከስህም። ሰው ከአገሩ ሲርቅ የተወለደበት ቦታ በልቡ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ሣጥኑ ተመልሶ ሳይቆለፍ ቄሱን አንቀጹን እንደገና እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። «በክልሉ አርባ ዓመት የኖረ» ይላል። «ሳይቋረጥ የሚል አለበት?» አልኩት። ኔዘርኮት የሰዓት ማያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ገጹን መረመረው። የለበትም። ሚስ ግሪብል ወዲያው እርሳሷን አወጣች። መርከብ ለመሳፈር ከዚህ የወጣኸው ሠላሳ ስድስተኛ ልደትህን ባከበርን ማግስት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ማለት ነው፤ ወፍጮ ቤት ያደርካቸው አሥራ አንድ ቀናት ሲቀነሱ።

«ዘምቶ የቆየበትስ?» አለ ኔዘርኮት።

«ለአገሩ የተዋጋበትን ልትቀንስበት ነው? እስቲ ሞክር!» ብሎ ቹብ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ቀለሙ ተደፋ። ማንም አልሞከረም። በቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፎ አምስታችንም ፈርመንበታል። የቀረህ አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን ነው። ያ ሲሞላና ቤት ሲለቀቅ፣ በመስኮት ማንንም ሳንጠይቅ፣ በራስህ አርባ ዓመት ታመለክታለህ። እኔም ያን ጊዜ እንደ ደንቡ ወጥቼ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፤ ቁልፉን ግን ጠረጴዛው ላይ ትቼ።

እስከዚያ የት እኖራለሁ ትለኛለህ። ሐሙስና ዓርብ ከሱቁ በስተኋላ ያለውን ዕቃ ቤት አስለቀቅኩ። ባልዲዎቹና የአጥር ሽቦው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተዋል። ክፍሉ ደረጃ የለውም፤ መስኮቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያያል፤ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ የራሱ በር አለው። አዲስ መቆለፊያ አስገብቼበታለሁ፤ ከሱቁ ውስጥ ከጥሩዎቹ አንዱን ነው። ሸክም አልሆንም ላልከው ደግሞ መላ አለኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ይበዛብኛልና ባንኮኒው ጋ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ምስማር ትመዝንልኛለህ። ሚዛኑን በአውራ ጣትህ እንዳትጫነው ብቻ፤ የድሮ አመልህን አልረሳሁም።

እንደ እኔ ምክር ከማርች በፊት ብትገባ ይበጃል፤ ቀኑ የሚቆጠረው እግርህ አጥቢያውን ከረገጠበት ዕለት ጀምሮ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ቀን ማባከን አያዋጣም። ወፍራም ኮት ይዘህ ና፤ የዚያ አገሩ ኮት እዚህ እንደ ሸሚዝ ነው። ከፖስታው ውስጥ ሲንኳኳ የሰማኸው የጓሮው በር ቁልፍ ነው። መለዋወጫው እኔ ዘንድ አለ፤ ሳላንኳኳ ግን አልገባም።

ሮዌናን ሳምልኝ፤ አባቷን የምወስድባት ለክፋት እንዳልሆነ ንገራት፤ ከፈለገች ራሷ ታድርስህና ትየን። ለባለቤቷ ለክላይቭ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከልኝ የአትክልት መቀስ ስለቱ እስካሁን አልጠፋም። የልጅ ልጅህ ታማሲን ፈተናዋን በማለፏ እንኳን ደስ ያለሽ በላት። ለትንሹ ለጃርቪስ ስለ ወንዙ የጠየቀኝን አያቱ በራሱ አፍ ይንገረው፤ እውነቱን ሌላም ሰው እንደሚያውቀው አሁን ተረድተሃል። ቹብ ተቆጥቷል፣ ግን ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ሚስ ግሪብልም እንዲሁ። ዶርካስ የቤቷን መጋረጃ ትናንት ሰቅላለች፤ ስትመጣ ለሻይ የመጀመሪያው እንግዳ አንተ እንድትሆን ትፈልጋለች።

እኅትህ ሙሪየል ታፕስኮት

ሃልስበሪ፣ እሑድ ኖቬምበር 16 ቀን 1986