የእናቴ ጋንና የሲኞራ ወይራ

ጥቅምት 6

ዛሬም ፓስታ። ባሌ አምሐ ከጣሊያን ከተመለሰ ወዲህ ኩሽናው የእሱ ሆኗል። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ለስልጠና ተልኮ ሦስት ወር ገጠር አንዲት አሮጊት ቤት ሰነበተ፤ ይኸው ነው። አሁን ግን እዚያው ተወልዶ ያረሰ ይመስለዋል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ አለቀ። በርበሬ የለ። የበሽተኛ ምግብ። እንጀራ ሳቀርብ እጄን ያዘኝ።

"ፓስታ በእንጀራ? ሲኞራ ብታይሽ!"

ሲኞራ ማለት አሮጊቷ ናት። ብታየኝስ? እዚህ ዘንዘልማ ድረስ መጥታ ልትቆጣኝ?

በእንጀራ በላሁ።

ጥቅምት 12

ግቢውን እንደ ጣሊያን ገጠር ሊያደርገው ነው። ሲኞራ ጠዋት ቲማቲሟን ከጓሮ ትቀነጥሳለች... ሲኞራ ምሳዋን ከዛፍ ሥር ትበላለች... ሲኞራ ለክረምት ቲማቲም ቀቅላ በጠርሙስ ታሽጋለች። ታዲያ ይሄ ምኑ ይወራል? የቆጋ ገበሬ ቲማቲም ሲለቅም ማን አጨበጨበለት?

"ሮዝማሪኖ" ብሎ ያስሸተተኝ የጥብስ ቅጠል ነው። በራችን ላይ አለ! ስንት ዓመት ሲያልፍበት አላየውም። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ጥቅምት 23

ጽዋውን ተረከብሁ። የጊዮርጊስ ማኅበራችን የኅዳር ተራ የኔ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ በቦታዋ ገብቼ ስደግስ የመጀመሪያዬ። ማኅበርተኛው ሁሉ የእሷን ጠላ ጠጥቶ ያረጀ ነው። የማኅበሩ አባት የኔታ ጥዑመ ልሳን ጽዋውን ሲሰጡኝ "የእናትሽን ጋን እናውቀዋለን" አሉኝ። ምርቃት ነው ማስፈራሪያ? ሁለቱንም መሰለኝ።

ጋኑ ጓሮ አለ፤ ታጥቦ ተደፍቶ። ዕድሜውን ሙሉ በወይራ ሲታጠን የኖረ ነው። ባዶውን እንኳ ሲያሸቱት ጠላ ጠላ ይላል። እሱ ካለ አላፍርም።

ኅዳር 2

ትናንት መጻፍ አልቻልሁም።

ከቢሮ ስገባ ጋኑ በሩ አጠገብ ቆሟል። አፉ ወደ ላይ፣ ሆዱ አፈር። ከላይ ችግኝ... ከሲኞራ ጓሮ በእርጥብ ካልሲ ጠቅልሎ ያመጣት፣ እስካሁን በጣሳ የቆየችው የወይራ ችግኝ።

"እዚያ በየበሩ ትልልቅ ሸክላ አቁመው ይተክሉበታል። አያምርም?" አለ። ፈገግ ብሎ!

"ውሃው በየት ይወርዳል?" አልሁት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም። ምናልባት ልቤ አውቆት ነበር።

"ከሥሩ በስቼዋለሁ።"

የእናቴን ጋን። በመሰርሰሪያ።

"ተደፍቶ ሳየው የተጣለ መሰለኝ" አለ ፊቴን ሲያይ። የተጣለ! ጋን ታጥቦ እንደሚደፋ አያውቅም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው፣ ጠላ ከብርጭቆ የሚፈልቅ ይመስለዋል። ጋን በወይራ ይታጠናል እንጂ ወይራ ጋን ውስጥ ይተከላል?

አለቀስሁ። ከዚያ ዕንባዬ ደረቀና ናቅሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ባሌን ናቅሁት።

ኅዳር 3

"በሲሚንቶ ልድፈነው?" አለኝ ጠዋት። በሲሚንቶ!

ኅዳር 10

አዲስ ጋን ቢገዛም ለዚህ ወር አይደርስም። ጥሬ ነው፤ መሟሸት አለበት፣ ደጋግሞ መታጠን አለበት። ጎረቤቴ እናትዓለም የፕላስቲክ በርሜል አዋሰችኝ። በበርሜል የሚጠምቁትን እየናቅሁ የኖርሁት እኔ!

ጠነሰስሁ። ጌሾው ያው፣ ብቅሉ ያው። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ ይላሉ... የኔስ በርሜል ሆነ።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። አምሐ ፓስታው ላይ አይብ ነሰነሰ።

"ሲኞራም እኮ ትጾማለች" አለኝ። "ዓርብ ዓርብ።"

ሽሮዬን ይዤ ወጣሁ።

ኅዳር 24

አለፈ። እንዴት አለፈ?

ጠጡ። "ደኅና ነው" አሉ። ደኅና ነው! የእናቴን ጠላ ደኅና ነው ያለ ሰው የለም። ዝም ብሎ ነበር የሚያስደግመው። ትናንት ማንም አላስደገመ።

የኔታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። "ወለተ ጊዮርጊስ፣ ጋኑ ወዴት ሄደ?"

አንገቴን ደፋሁ። ተሰነጠቀ ልል ነበር፤ ጊዮርጊስ ፊት ልዋሽ። አፌን ስከፍት አምሐ ከጓዳ ወጣ። በተጋባን ዘመን ሁሉ ማኅበር ሲመጣ ሥራ አለብኝ ብሎ የሚጠፋው ሰው።

"እኔ ነኝ የበሳሁት፣ አባቴ። ወይራ ልተክልበት ብዬ።"

መጀመሪያ የሳቀችው እናትዓለም ናት፤ ከዚያ ሁሉም። የኔታና እኔ ብቻ አልሳቅንም።

"ጋን የበሳ ጋን ያቆማል" አሉት። "ና፣ ጽዋውን ተቀበል። የታኅሣሡ ተራ ያንተ ነው። ጠላውን ራስህ ትጠምቃለህ። እሷ እጇን እንዳትነክር!"

የታኅሣሥ ተረኛ የነበረው ማኅበርተኛ፣ ክንዱ፣ ደስ እያለው ተራውን ለቀቀለት። አምሐም በሁለት እጁ ተቀበለ። ጌሾ ከእንዶድ የማይለይ ሰው፣ እሺ አለ! ሌላ ውርደት፣ ያውም እዚሁ ቤት።

ግን... ቆሞ ተናገረ። ይህን አልጠበቅሁም።

ኅዳር 27

ወይራዋ ደረቀች። ቅጠሏ በሙሉ ረገፈ። ሲኞራ ምን ትላለች? አልሁት። ደስ ብሎኝ ነው ያልሁት።

ኅዳር 29

አዲስ ጋን ገዝቶ በባጃጅ አቅፎ አመጣ። ሻጯ "ለአበባ ነው?" ብላ ጠየቀችው አሉ። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። እናትዓለም ዘንድ ሄዶ አሟሟሹን ተማረ። እኔን አልጠየቀኝም። ብልህ።

ታኅሣሥ 11

ከሥራ ስመለስ ጓሮው ጭስ ነው። አምሐ ተንበርክኮ አገኘሁት፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ንፍጡ ይወርዳል። ፍሙ ላይ የኛን አገር ወይራ አድርጎ ጋኑን ደፍቶበታል። በአንድ ጎኑ የሲኞራ ችግኝ... ከነሥሯ ነቅሏታል። በጉልበቱ ሰባብሮ ፍሙ ላይ ጨመራት። ጣት የማታክል ነገር። ጭሷ እንኳ ቀጭን ነው።

"ለሲኞራ እንዳትነግሪ" አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

ጋኑን አቅንቶ አፉን ወደኔ አዞረው። አፍንጫዬን አስገባሁ። ትንሽ ሸክላ ሸክላ ይላል... ከሥሩ ግን የእናቴ ጓዳ ሸተተኝ። ረጅም ጊዜ አላነሣሁም ራሴን።

"በቃው?" አለ።

በቅቶት ነበር።

"ገና ነው" አልሁት። ትንሽ ይጨስ።