ገመቹን የቆጠረው ማን ነው?

ዓለሚቱ፣ ይህን ብዕር የያዘው የልጅሽ የብርቄ እጅ ነው። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ እንዳታሳምሪው፣ ያልኩትን ጻፊ ብያታለሁ። ለዓመት ፈቃዷ ከአዲስ አበባ መቱ ከገባች አምስተኛ ቀኗ ነው። አንቺ ካረፍሽ ደግሞ ሦስተኛው ክረምት ወጣ።

ቤቱ እንዳለ ነው፤ በጓሮ በኩል ያለው አጥር ብቻ ዘመመ። የእድሩ ጥሩምባም እስካሁን ከእኔ አልወጣም፤ ጥርሴ ቢረግፍም ለሌላ አልሰጥም ብያለሁ። ፊደል ሳልቆጥር የእድራችንን ቤት ሁሉ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የቱ ልጅ ለእናቱ ስንተኛ እንደሆነ በቃሌ እንደያዝኩ ታውቂያለሽ። መዝገብ ሲምታታበት ጸሐፊው ራሱ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። በዚህ እኮራ ነበር። ዛሬ የምነግርሽ ጉድ የመጣው ከዚሁ ነው።

ብርቄ የምትሠራው የሕዝብ ቆጠራው ወረቀት በሚሰበሰብበት መሥሪያ ቤት ነው፤ ኮምፒዩተር በሚሉት ማሽን ውስጥ ቁጥር ስታስገባ ትውላለች። ከመጣች ጀምሮ ስለ ማሽኑ እየጠየቅሁ መቀመጫ ነሣኋት። አባዬ ምን ነካህ፣ በዚህ ዕድሜህ ልትቀጠር ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ።

ማሽኑም እንደ ሰው ትውልድ አለው አለችኝ። የመጀመሪያው አዳራሽ የሚያህል ነበር፤ ሆዱን የሞላው አምፖል። ጎሬ፣ ግሪኩ ሱቅ የነበረውን ትልቁን ሬዲዮ አስታውሺ፤ እስኪሞቅ ድረስ ቆመን የምንጠብቀውን። እንደዚያ ያለ አምፖል ነው፣ በሺህ የሚቆጠር፣ ሲግል የሚቃጠል። ሁለተኛው በአምፖሉ ፈንታ ትራንዚስተር ያዘ። እሱንም ታውቂዋለሽ፤ በነጠላሽ ጠቅልለሽ ሁሩሙ ገበያ ድረስ ይዘሽው የምትሄጂው ሬዲዮ የሚሠራው በዚያው ነበር። ሳይግል፣ እንደተከፈተ ይናገራል። ሦስተኛው ያን ሁሉ ትራንዚስተር ቺፕ በሚሏት ጥፍር በምታህል ስባሪ ላይ አሰፈረው። አራተኛው ደግሞ የማሽኑን አእምሮ እንዳለ በአንዲት ስባሪ ጨረሰው፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱ መስተዋት ነው። ከብርቄ በፊት የነበሩት ሴቶች ካርድ እየበሱ ነበር የሚሠሩት፤ ማሽኑ ቀዳዳውን ያነብ ነበር። እሷ ቁልፍ ትጫናለች፣ መስተዋቱ ላይ ይወጣል።

አልወደድኩትም ዓለሚቱ። በየትውልዱ እያነሰ ይወለዳል፣ የሚይዘው ግን ይበዛል። አዳራሽ የሚያህለውን ሰው ሳያየው ከተማ አያስገቡትም። ትንሹ ግን እንደ ሳሙና ካርቶን ከአውቶቡስ ጣሪያ ይወርዳል። ወደየክፍለ ሀገሩ ይላካል እየተባለ ነው አለች። መቱም ይመጣል ማለት ነው።

የቆየሁለትን ነገር ያን ጊዜ ጠየቅኋት። ሰውን በስሙ ያውቃል ወይ አልኳት። የአሁኑ አያውቅም፣ የምናስገባለት ዕድሜና ጾታ ነው፤ ስሙ ከነወረቀቱ ታስሮ መጋዘን ይቀራል አለች። የሚመጣውስ አልኳት። የሚመጣው ስም ከስም ያገናኛል አለች።

እኔ የፈለግሁት የአሁኑ ያውቃል እንድትለኝ ነበር። ገመቹን ያስያዘው ማሽኑ ነው እንድትለኝ።

የአዴ ጫልቱ ገመቹ። ስትታመሚ በቃሬዛ ከተሸከሙሽ አንዱ። እናቱ በመጨረሻሽ ቀን ውሃ በጥጥ እየነከረች ከንፈርሽን ያረጠበችልሽ ጎረቤታችን።

ቆጠራው ሲመጣ ቆጣሪውን ቤት ለቤት እንድመራ ቀበሌው እኔን መረጠ። የቀበሌው ጸሐፊም አብሮን ነበር። ከቤታችን ጀመርን። ጸሐፊው ልጅዎ ታደሰስ ሲለኝ፣ አዲስ አበባ እህቱ ዘንድ ሄዷል አልኩ። ዋሸሁ። ብሔራዊ ውትድርና ሊመጣ ነው ሲባል ሰምቼ ያዮ፣ ወንድምሽ ዘንድ ቡና ጫካ ሰድጄዋለሁ። ዛሬም እዚያው ነው።

ከዚያ አዴ ጫልቱ ደጅ ደረስን። እኔና ሁለት ሴቶች ልጆቼ ነን አለች። ገመቹስ ቢሏት፣ ዳሪሙ አጎቱ ዘንድ እርሻ ገብቷል አለች። ያው የእኔው ውሸት ነው። ቆጣሪው ግን፣ ጋሼ እርስዎ ባይኖሩ ዕውር ነበርን ሲለኝ ውሎ ደረቴ ተነፍቷል። የምን ዳሪሙ ነው አዴ፣ ትናንት ቆርቆሮዬን የመታልኝ ማን ነው ታዲያ ብዬ ሳቅሁ። አራት ናቸው፣ ጻፍ አልኩት። ቤት ቆጥሬ አጉድዬ አላውቅማ!

አዴ ጫልቱ አየችኝ። ቆጣሪው በትልቁ ወረቀት ጻፈ፤ ጸሐፊው ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። ማሽን አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

የውትድርናው ጥሪ ሲመጣ በዚያች ትንሽ ደብተር ገመቹን ከቤቱ ወሰዱት። በጭነት መኪና ሲያልፍ እኔን አይቶ እጁን አነሣልኝ። ከሰሜን አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ የለም። አሁን ጥሩምባዬን ይዤ በወጣሁ ቁጥር እናቱ የበሯን መቃን ይዛ ትቆማለች። አልፌያት እስክሄድ አትንቀሳቀስም።

ይህን ለአዴ ጫልቱም እናነብላታለን ስላት ልጅሽ ብዕሩን አስቀመጠች። ታዴን ልታስበላው ነው ወይ አባዬ አለችኝ። አንሺና ጻፊ አልኳት። ይህን የሰማች እናት ቀበሌ ሄዳ ታደሰ ያዮ ነው ልትል ትችላለች። አልፈርድባትም። እስከ ዛሬ አፌን የዘጋው ይኸው ፍርሃት ነው። ግን ያ ትንሹ ማሽን መጥቶ ስም ከስም ያገናኘ ቀን፣ አዲስ አበባ ታደሰ የሚባል እንዳልሄደ ይወጣል። አዴ ጫልቱ ያን ከጸሐፊው አፍ ከምትሰማ ከእኔ ትስማ። ታደሰንም ቢሆን እኔው ሄጄ እነግረዋለሁ፤ ይቆጣኝ፣ ይርገመኝ።

አንቺን እድሩ ከመዝገብ ሰርዞሻል። እኔ ግን ቤታችንን ስቆጥር አሁንም የምጀምረው ከአንቺ ነው። ትንፋሽ እስካለኝ ይህን የሚያስጥለኝ የለም።

በይ ብርቄ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስለ ታደሰ ያልኩት ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን አትቀንሺ። ስትጨርሺ አጣጥፊውና ነጠላሽን ልበሺ፤ አዴ ጫልቱ ቤትም የምታነቢው አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።